ከሌዘር ፕላዝማ የወጣው ኤሌክትሮን የትኛው ነው?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከአንዲት የፊዚክስ የማስተርስ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«መዳብን በቫኪዩም ውስጥ በኤንዲ-ያግ ሌዘር እመታለሁ። የሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖ ሜትር፣ የፐልሱ ጉልበት 80 ሚሊ ጁል፣ ቆይታው 8 ናኖ ሴኮንድ፣ ጨረሩ የሚያርፍበት ነጥብ ስፋት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዒላማው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ አፉ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ፋራዳይ ካፕ (የሚገባበትን ቻርጅ ሰብስቦ የሚያስለካ ኩባያ) አለ። ኤሌክትሮን እንዲስብ 50 ቮልት ፖዘቲቭ ሰጥቼዋለሁ። የካፑ ኬብል 4 ሜትር ነው፤ ትሪገር የሚሰጠኝ፣ ማለትም የጊዜውን መነሻ የሚያሳየኝ ፎቶዳዮድ (ብርሃን ለቃሚ) ግን ዒላማው አጠገብ ሆኖ በግማሽ ሜትር ኬብል ተያይዟል። ኦሲሎስኮፑ ላይ፣ በ50 ኦም፣ ሁለት ነገር አያለሁ። በ20 ናኖ ሴኮንድ ገደማ 200 ሚሊ ቮልት የሚደርስ፣ 15 ናኖ ሴኮንድ የሚቆይ ሹል ኔጌቲቭ ጫፍ አለ፤ ከዚያ በ15 ማይክሮ ሴኮንድ ላይ ሰፊ ኔጌቲቭ ጉብታ ይመጣል። ከመድረሻ ጊዜያቸው ጉልበታቸውን ሳሰላ የመጀመሪያው 640 ኤሌክትሮን ቮልት (አንዱ ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ተስቦ የሚያገኘው ጉልበት ነው)፣ ሁለተኛው 0.001 ገደማ ይሆናል። የቱ ነው ትክክለኛው? ቁጥራቸውንስ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ እንዴት ልግለጽ?»

እህቴ፣ ሒሳቡን እኔም ሠርቼው ያንቺኑ ቁጥር አገኘሁ። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱም የኤሌክትሮን ጉልበት አይደለም። ይህ ስሌት የሚሠራው ኤሌክትሮኑ ከዒላማው ተነስቶ ካፑ እስኪደርስ ብቻውን፣ ምንም ሳይዘው ከበረረ ነው። ከሌዘር ፕላዝማ፣ ማለትም ሌዘሩ ከመዳቡ ከሚያስነሳው የኤሌክትሮኖችና የአዮኖች (ኤሌክትሮን የጎደላቸው አቶሞች) ደመና፣ እንዲያ በነፃ የሚወጡት ደግሞ እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ «ጉልበታቸው ስንት ነው?» ከማለትሽ በፊት «የምለካው የትኞቹን ነው?» የሚለውን መመለስ አለብሽ። ያ ሳይለይ የተሠራ ስሌት፣ ቀመሩ ልክ ሆኖ እንኳ፣ ትርጉም አይሰጥም።

ከጉብታው ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። 0.001 ኤሌክትሮን ቮልት ወደ ሙቀት ሲለወጥ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። መዳብን አትንኖ ከሚያበራ ፕላዝማ እንዲህ የቀዘቀዘ ኤሌክትሮን አይወጣም። ይልቅ ያንኑ ፍጥነት ለመዳብ አዮን ስጪው። 30 ሴንቲ ሜትርን በ15 ማይክሮ ሴኮንድ ያቋረጠ ነገር በሴኮንድ 20,000 ሜትር ይሄዳል፤ በዚህ ፍጥነት የሚሄድ የመዳብ አዮን 130 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት አለው። በናኖ ሴኮንድ ሌዘር ለሚሠራ ሰው ይህ የሚጠበቅ ቁጥር ነው። እንግዲህ ጉብታው የደረሰው በአዮኖቹ ሰዓት ነው። ኤሌክትሮኖቹ ከአዮኖቹ ጋር አብረው ተጉዘው መጡና፣ ካፑ ደጃፍ ሲደርሱ ያንቺ 50 ቮልት ለይቶ ሳባቸው።

ለምን አብረው መጡ? በቁጥር እንየው። አንድ የሌዘር ምት 1 ማይክሮ ግራም መዳብ አነሳ እንበል። ይህ ወደ 10,000 ትሪሊዮን አቶም ነው። ከአሥር አንዱ እንኳ አዮን ቢሆን 1,000 ትሪሊዮን ነፃ ኤሌክትሮን አለ ማለት ነው። አሁን ደመናውን 1 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ አድርገሽ ገምቺ። የእንዲህ ያለ ክብ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) 1.1 ፒኮ ፋራድ ነው። ከውስጡ 700 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ብቻ ቢጎድል ደመናው ወደ 100 ቮልት ፖዘቲቭ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከ100 ኤሌክትሮን ቮልት በታች የያዘ ኤሌክትሮን ማምለጥ አይችልም። 700 ሚሊዮን ብዙ ይመስላል፤ ከ1,000 ትሪሊዮን ጋር ሲነጻጸር ግን ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። የቀሩት ሁሉ፣ በቀፊራ ገበያ ግርግር የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ እንደሚሄድ ልጅ፣ ወደፊት ለመሮጥ ይጎትታሉ እንጂ አይላቀቁም። ጉተታቸውም ውጤት አለው፤ አዮኖቹ ያን ያህል ፍጥነት ከሚያገኙበት ምክንያት አንዱ ኤሌክትሮኖቹ ከፊት ሆነው የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ መስክ ነው።

አሁን ወደ ሹሉ ጫፍ። አብዛኛው ሰው «ፈጣን ኤሌክትሮኖች» ብሎ የሚጽፈው ይህንን ስለሆነ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ኬብሉን እንመልከት። በተለመደው ኮአክሲያል ኬብል ውስጥ ሲግናል አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖ ሴኮንድ ይወስድበታል። የካፑ ኬብል ከፎቶዳዮዱ በ3.5 ሜትር ስለሚረዝም የካፑ ሲግናል በ17.5 ናኖ ሴኮንድ ዘግይቶ ይታያል። ብርሃን 30 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ 1 ናኖ ሴኮንድ ይበቃዋል። ሁለቱን ስትደምሪ 18.5 ናኖ ሴኮንድ ይመጣል፤ አንቺ ያየሽው ደግሞ 20 ገደማ ነው። የ8 ናኖ ሴኮንድ ፐልስ ይዘን 1.5 ናኖ ሴኮንድ ልዩነት ላይ አንከራከርም። ጫፉ የመጣው በብርሃን ሰዓት ነው።

ፕላዝማው ራሱ ኃይለኛ የአልትራቫዮሌት ምንጭ ነው። ያ ብርሃን የቻምበሩን (የቫኪዩም ዕቃውን) ግድግዳ፣ የካፑን አፍ፣ በአካባቢው ያለውን ብረት ሁሉ ይመታና ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ካፕሽ 50 ቮልት ፖዘቲቭ ስለሆነ እነዚህን የጎረቤት ኤሌክትሮኖች ይሰበስባል። ስለዚህ ኔጌቲቭ ጫፍ ታያለሽ፤ ኤሌክትሮን ነው፣ ግን ከፕላዝማው የመጣ ኤሌክትሮን አይደለም።

መጠኑም ይህንኑ ይናገራል። 200 ሚሊ ቮልት በ50 ኦም ሲካፈል 4 ሚሊ አምፔር ነው። በ15 ናኖ ሴኮንድ 60 ፒኮ ኩሎም፣ ማለትም 375 ሚሊዮን ኤሌክትሮን፣ በዚያች 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብቻ ገባ ማለት ነው። ዒላማው በፊቱ ወዳለው አቅጣጫ ሁሉ እኩል እየረጨ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 2.7 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ይሆናል። ይህን ለመተካት በዒላማሽ የግራውንድ ሽቦ 29 አምፔር ገደማ መፍሰስ ነበረበት። ካልተተካ ደግሞ ያ የ1 ሴንቲ ሜትር ደመና ወደ 390,000 ቮልት ይወጣ ነበር፤ 640 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኤሌክትሮን ከዚያ ውስጥ ንቅንቅ አይልም። የሌዘርሽ ጥንካሬ በካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ቢሊዮን ዋት ገደማ ነው። በዚህ መጠን የፕላዝማው ሙቀት ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት፣ ቢበዛ በአሥር ቤት የሚቆጠር ነው። ከዚያ 640 መጠበቅ አይቻልም።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ አትቀበዪ፤ ራስሽ ፈትኚው። ሌዘሩ እየተኮሰ ጨረሩን ከቻምበሩ ውጭ ጋርጂው። ጫፉ አሁንም ካለ ከሌዘሩ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማብሪያ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው፤ መድኃኒቱ ድርብ ሽፋን ያለው ኬብልና አንድ ብቻ የሆነ የግራውንድ ነጥብ ነው። ጫጫታ ካልሆነ ካፑ ፊት ቀጭን የኳርትዝ መስኮት አድርጊ። ኳርትዝ ከ160 ናኖ ሜትር ገደማ በላይ ያለውን አልትራቫዮሌት ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮንና አዮን ግን አንዱንም አያሳልፍም። ከመስኮቱ በኋላ የቀረው ጫፍ የብርሃን ነው። መስኮቱን አንስተሽ ደግሞ ከካፑ ፊት ማግኔት አስጠጊ። እዚያው ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ከሚሸጡ አሮጌ ስፒከሮች የሚወጣ ማግኔት ይበቃል። 10 ሚሊ ቴስላ ላይ የ100 ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን በ3.4 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ይዞራል፤ ተመሳሳይ ጉልበት ያለው የመዳብ አዮን ግን የሚዞረው ከ1 ሜትር በላይ በሆነ ሬዲየስ ነው። ማግኔት ሲቀርብ የሚጠፋው ኤሌክትሮን ነው፤ የማይነቃነቀው አዮን ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል ማግኔቱን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን ጠብቂ፦ ግድግዳው ላይ የተለቀቁት የብርሃን ኤሌክትሮኖችም በማግኔቱ ይታጠፋሉና የኳርትዙ ፈተና ሳይሠራ የማግኔቱ ውጤት ብቻውን አይበቃም።

የካፑን ቮልቴጅ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ መገልበጥም የሚመከር ፈተና ነው፤ ጫፉ ጊዜውን ሳይለቅ ምልክቱን ብቻ ከቀየረ የብርሃን ነው ይባላል። እዚህ ላይ የመዳብ ካፕ ያሳስታል። መዳብ በ600 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ በገባ አንድ ኤሌክትሮን 1.3 ያህል ሁለተኛ ደረጃ ኤሌክትሮን ያስወጣል። ካፑ ኔጌቲቭ ሲሆን እነዚያን ያባርራቸዋል፤ ከገባው የወጣው ይበልጥና እውነተኛ ኤሌክትሮን ፖዘቲቭ ሲግናል ይሰጥሻል። ስለዚህ የካፑን ውስጥ በግራፋይት ቀይሪው። የግራፋይት ከፍተኛው መጠን 1 አካባቢ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመልሰውም ከመዳብ በጣም ያንሳል። ካፑንም ጥልቅ አድርጊው፤ ጥልቀቱ የአፉን ስፋት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው ጥቁር ዘንግ ግራፋይት ያለበት ካርቦን ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰም ስለሚነከር ግን በደንብ ሳይጋገር ቫኪዩም ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛ ደረጃ ኤሌክትሮኖችን ለማገድ ካፑ ፊት 30 ቮልት ኔጌቲቭ ወንፊት አድርጉ የሚል ምክርም ታገኛለሽ። ለአዮን መለኪያ ትክክል ነው። ለኤሌክትሮን ግን ያ ወንፊት ከ30 ኤሌክትሮን ቮልት በታች የሆነውን ኤሌክትሮን ሁሉ ከውጭ ያስቀረዋል፤ ካንቺ ፕላዝማ የሚወጡት አብዛኞቹ ደግሞ እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ለአዮን የተሠራ ካፕ ለዝግተኛ ኤሌክትሮን አይሆንም።

አሁን ዋናው፦ ታዲያ እንዴት ይለካ?

በነፃ ያመለጡትን ከፈለግሽ መጀመሪያ ድምራቸውን ከዒላማው ራሱ ለኪ። ዒላማውን ከቻምበሩ ለይተሽ በ50 ኦም ወደ ግራውንድ አገናኚው። ከዒላማው ወጥቶ ግድግዳ ላይ ያረፈው ኤሌክትሮን ሁሉ በዚያ መንገድ መተካት ስላለበት፣ በመጀመሪያዎቹ 100 ናኖ ሴኮንዶች የምታዪው ሲግናል የማምለጡን መጠን ይነግርሻል። 1 ቮልት ለ50 ናኖ ሴኮንድ ካየሽ 20 ሚሊ አምፔር፣ 1 ናኖ ኩሎም፣ 6.2 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አትደምሪበት፤ ደመናው ሰፍቶ ግድግዳ ሲነካ አዮኖቹም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ይህ ዘዴ ርካሽ ነው፣ በጣም ታማኝም ነው፤ ብዙ ጽሑፎች ለምን ወደ ጎን እንደሚተዉት አይገባኝም።

እነዚያ 6.2 ቢሊዮን በፊት ለፊት ቢበተኑ በካፕሽ ቀዳዳ የሚገባው አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። በ50 ኦም ላይ ከ0.2 ሚሊ ቮልት ያነሰ ነገር ነው፤ በጫጫታው ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጉልበታቸውን ለመለየት ቻነልትሮን ወይም ሌላ ኤሌክትሮን አባዢ፣ ማለትም ከአንድ ኤሌክትሮን ብዙ አውጥቶ ሲግናሉን የሚያጎላ መሣሪያ፣ ያስፈልግሻል። አባዢው ለአልትራቫዮሌትም ስለሚነቃ ዒላማውን በቀጥታ ማየት የለበትም። መንገዱ በማግኔት መታጠፍ አለበት፤ መታጠፉ ብርሃኑን ያስቀርልሻል፣ ጉልበቱንም ይለይልሻል። በአንድ ሥራ ሁለት ችግር ይቃለላል።

ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተር የሚጠመጥሙ ቤቶች ባላቸው ሽቦ እያንዳንዳቸው 100 ዙር የሆኑ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያላቸው ሁለት ጥምጥሞች አሠሪ። ትይዩ አድርገሽ በ10 ሴንቲ ሜትር አራርቂያቸው። 1.1 አምፔር ስትለቂባቸው መሐላቸው ላይ 1 ሚሊ ቴስላ ገደማ ታገኛለሽ። መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹን ኤሌክትሮኑ በ5 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ካልዞረ በማያልፍበት አኳኋን ካስቀመጥሻቸው፣ በ1.1 አምፔር የሚያልፈው 220 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ነው፤ በ0.5 አምፔር 45 ያለው። ጉልበቱ ከካረንቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ካረንቱን በየምቱ ትንሽ ትንሽ እየቀየርሽ ሙሉውን ስርጭት ታወጪዋለሽ። ሌዘሩ ከምት ምት ስለሚለዋወጥ በእያንዳንዱ ካረንት ላይ ደጋግመሽ አማካይ ውሰጂ፤ ዒላማውንም አዙሪው፣ በተቦረቦረ ጉድጓድ ላይ ደጋግሞ የሚመታ ሌዘር ሌላ ፕላዝማ ነው የሚያወጣው።

በጊዜ መለየትም ይቻላል፤ ግን ልኩን እወቂ። 1 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኤሌክትሮን በሴኮንድ 593 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትርን ባለ 10 ኤሌክትሮን ቮልቱ በ160፣ ባለ 100ው በ51፣ ባለ 1,000ው በ16 ናኖ ሴኮንድ ያቋርጣል። ፐልስሽ ራሱ 8 ናኖ ሴኮንድ ነው። የጉልበት አሻሚነቱ የጊዜው አሻሚነት ሁለት እጥፍ ስለሆነ በ10 ላይ አሥር በመቶ፣ በ100 ላይ ሠላሳ በመቶ፣ በ1,000 ላይ መቶ በመቶ ይመጣል። እንግዲህ ከአንድ ሁለት መቶ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ባንቺ ርቀት በጊዜ መለየት አይሆንም። ከጊዜ ወደ ጉልበት ስትቀይሪ ደግሞ የሲግናሉን ከፍታ እንዳለ አትውሰጂው፤ በጊዜው ኩብ ማባዛት አለብሽ። ይህን የዘለለ ጽሑፍ ዝግተኞቹን ኤሌክትሮኖች በጣም አሳንሶ ነው የሚያሳየው።

አሁን የምለው በተለይ ድሬዳዋ ላለ ሰው ነው፤ የአውሮፓ መማሪያ መጻሕፍት እንዲህ አይነግሩሽም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከ1957–58 እ.ኤ.አ. ጋር ተያይዞ ሲቋቋም ይህ ቅርበት አንዱ ምክንያት ነበር። በዚህ አካባቢ የምድር መስክ 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ሆኖ ከመሬት ጋር ጋደም ብሎ ወደ ሰሜን ያመለክታል። ለአዮን ምንም አይደለም። የ10 ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮንን ግን በ30 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያዞረዋል፤ ከዒላማው እስከ ካፑ ያለው ርቀት ይኸው ነው። ባለ 100 ኤሌክትሮን ቮልቱም 30 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከመስመሩ ይወጣል። ከዒላማው እስከ ካፑ ኤሌክትሮኑ የሚበርበት ቧንቧሽ ምሥራቅ-ምዕራብ ወይም ወደ ላይ የቆመ ከሆነ ካፑ የሚሰበስበው ከዒላማው በሌላ ማዕዘን ተነስተው የታጠፉትን ነው።

አውሮፓ ውስጥ መስኩ ወደ መሬት ዘቅዝቆ ስለሚገባ ጋደም ያለ ቧንቧ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩት አያመልጡትም፤ መከለያ ብረት ወይም ማካካሻ ጥምጥም ግድ ይላቸዋል። አንቺ ግን ቧንቧውን ሰሜን-ደቡብ ብታዞሪው ኤሌክትሮኑ በመስኩ ዘንግ ላይ ስለሚበር መታጠፉ ከሞላ ጎደል ይቀራል። ይህ ቦታው በነፃ የሰጠሽ ጥቅም ነው፤ እባክሽ ተጠቀሚበት። የስልክሽ ኮምፓስ ያለበት መግነጢስ መለኪያ በማይክሮ ቴስላ ያነብብልሻል። በቻምበሩ ዙሪያ ይዘሽው ዙሪ፤ ከ36 በጣም የራቀ ቁጥር ባየሽበት ቦታ የብረት ጠረጴዛ፣ መግነጢስ ያደረበት ብሎን ወይም ማግኔት ያለው የቫኪዩም መለኪያ አለ ማለት ነው። የማግኔት ትንተናውን ስትሠሪም ይህ 36 ማይክሮ ቴስላ የጥምጥምሽን መስክ 3.6 በመቶ ያህል ስለሆነ በስሌቱ ውስጥ አስገቢው።

ጉብታው ላይ ያሉትን፣ ከአዮኖቹ ጋር የሚጓዙትን ኤሌክትሮኖች ከፈለግሽ ደግሞ መሣሪያው ሌላ ነው። ፋራዳይ ካፑንና ወንፊቱን ተይው። ፕላዝማው ካፑ ጋ ሲደርስ በኪዩብ ሴንቲ ሜትር 200 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ይዞ ሙቀቱ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን፣ የዴባይ ርዝመቱ፣ ማለትም ፕላዝማው የውጭ ቮልቴጅን ጋርዶ የሚያስቀርበት ርቀት፣ 17 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። የወንፊትሽ ቀዳዳ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፕላዝማው ቮልቴጁን እንኳ ሳያውቀው በቀዳዳው መሐል ያልፋል፤ ኤሌክትሮንና አዮን ለየሁ ስትዪ አልለየሽም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ናኖ ሴኮንዶች ይህ ችግር የለም፤ ፕላዝማው ገና አልደረሰምና። ለጉብታው ግን ላንግሙየር ፕሮብ (ቮልቴጅ ተሰጥቶት ፕላዝማው ውስጥ የሚገባ እርቃን ሽቦ) ተጠቀሚ፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 5 ሚሊ ሜትር እርቃን ርዝመት ያለው የተንግስተን ሽቦ ይበቃል። ቮልቴጁን በየምቱ ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ እየቀየርሽ በአንድ የተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ15 ማይክሮ ሴኮንድ፣ ካረንቱን አንብቢ። ኔጌቲቩ ጎን የአዮን ካረንት ይሰጥሻል። ፕላዝማው በፍጥነት ስለሚፈስስ መጠኑን የሚወስነው ፍሰቱ ነው፦ ካረንቱን ለኤሌክትሮን ቻርጅ፣ ለፍጥነቱና ወደ ዒላማው ለዞረው የሽቦው ስፋት አካፍይ። 1 ሚሊ አምፔር፣ በሴኮንድ 20,000 ሜትርና 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይዘሽ ብትሠሪው ያ 200 ቢሊዮን ይመጣል። ወደ ፖዘቲቩ ስትሄጂ የአዮኑን ካረንት ቀንሰሽ የኤሌክትሮን ካረንት 2.7 እጥፍ ለማደግ የሚፈጅበትን ቮልቴጅ እዪ፤ 0.5 ቮልት ከፈጀ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት 0.5 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህ ነው የጉብታሽ እውነተኛ ጉልበት፤ ያ 0.001 የፍሰቱ ፍጥነት ነበር።

ፕሮቡ ወይም ካፑ ቮልቴጅ የሚያገኘው ከካፓሲተር ከሆነ መጠኑን አስቢ። 1 አምፔር ለ10 ማይክሮ ሴኮንድ 10 ማይክሮ ኩሎም ነው፤ 0.1 ማይክሮ ፋራድ በ100 ቮልት የሚይዘውም ልክ ይህንኑ ነው። በጉብታው መሐል ቮልቴጅሽ ባዶ ይሆናል። 10 ማይክሮ ፋራድ አድርጊው፤ ያኔ የሚወርደው 1 ቮልት ብቻ ነው። ኦሲሎስኮፑን ደግሞ 1 ሜጋ ኦም ላይ አትተዪው፤ ከኬብሉ ካፓሲታንስ ጋር ተዳምሮ ሁሉንም ሲግናል ወደ መቶዎች ማይክሮ ሴኮንድ ይለጥጠዋል።

ቫኪዩሙ ከ0.00001 ሚሊ ባር በታች ይውረድ፤ ቻነልትሮን ካለ ከዚያም በታች። በዚህ ግፊት አንድ የአየር ሞለኪውል ሳይጋጭ 6 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሮታሪ ፓምፕ ብቻ እዚያ አይደረስም። ድሬ ላይ የሌዘሩ ማቀዝቀዣ በሙቀቱ ወራት ይቸገራል፤ ሙቀቱ ሲዋዥቅ የፐልሱ ጉልበትም ይዋዥቃልና እኔ ካለሁበት ከሐረር ይልቅ እናንተ ጋ ከንጋቱ ሰዓት መጀመር ይሻላል። የድሬን ጨዋማ የቧንቧ ውሃ ለማቀዝቀዣው እንዳትጠቀሚ፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሌዘሩ ውስጥም ይጋገራል። የተጣራ ውሃ ብቻ። መብራት ሲጠፋ ከፓምፑ ዘይት ወደ ቻምበሩ እንዳይሳብ የሚዘጋ ቫልቭ ይኑር፤ ካፑ ላይ ያረፈ ቀጭን የዘይት ሽፋን ቻርጅ ይይዝና ዝግተኞቹን ኤሌክትሮኖች ይመልሳቸዋል።

ስለ ዓይንሽ ደግሞ አጥብቄ እለምንሻለሁ። 1064 ናኖ ሜትር አይታይም፤ ሬቲና ላይ ግን እንደ ማንኛውም ብርሃን ያተኩራል። ከብረት ብሎን ላይ የተንጸባረቀ ትንሽ ክፍልፋይ እንኳ ዓይንን ለዘላለም ያጠፋል። ለ1064 መሆኑ የተጻፈበት መነጽር ሳታደርጊ፣ አብሮሽ ያለውም ሳያደርግ፣ ሌዘሩ አይብራ። የቤተ-ሙከራው መነጽር አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ሰው ውጭ ይጠብቅ።

ቁጥሩን እንዴት ልጻፍ ላልሽው፦ ከዒላማው ካረንት ያገኘሽውን «በአንድ ምት ያመለጠ ጠቅላላ ኤሌክትሮን» ብለሽ፣ የጊዜ ወሰኑን አብረሽ ጻፊ። በካፕ ወይም በአባዢ የተቆጠረውን ግን በስቴራዲያን (ቀዳዳው ከዒላማው ሲታይ የሚሸፍነው የማዕዘን ስፋት መለኪያ) ግለጪው። 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከ30 ሴንቲ ሜትር ላይ 0.00087 ስቴራዲያን ነው። ይህን በ7,200 አባዝተሽ ለግማሽ ክብ ድምር አታውጪ፤ ኤሌክትሮኑም ፕላዝማውም በየማዕዘኑ እኩል አይወጡም። ካፑን በዒላማው ዙሪያ እያዞርሽ ከለካሽ ያኔ መደመር ይቻላል። ወንፊት ካለ የሚያሳልፈውን መጠን አካፍይበት፤ እያንዳንዳቸው 80 በመቶ የሚያሳልፉ ሦስት ወንፊቶች ተደርበው ግማሹን ብቻ ነው የሚያደርሱት። የኳርትዙንና የማግኔቱን ፈተና ጥሬ የኦሲሎስኮፕ ምስል፣ ከኬብሎቹ ርዝመትና ከቧንቧው አቅጣጫ ጋር፣ በአባሪው ሳይሆን በዋናው ምዕራፍ አስገቢው፤ ፈታኞችሽ ስለ ሹሉ ጫፍ መጠየቃቸው አይቀርም።